ካሊብሬት ካደረግኩ በኋላ ነጩ ነጠላ ለምን አረንጓዴ መሰለኝ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ ፎቶ አነሳለሁ። በቅርቡ 27 ኢንች ሞኒተር ገዛሁ፤ ሻጩ ሰፊ ቀለም የሚያሳይ ነው ብሎኛል። ከጓደኛዬ ካሊብሬተር (የስክሪን ቀለም መለኪያ መሣሪያ) ተውሼ አስተካከልኩት። ከዚያ ወዲህ ነጭ ነገር ሁሉ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ነጠላ ላይ በጣም ያስታውቃል። ላፕቶፔ ላይ ግን ይህ የለም። በዚሁ ሞኒተር የሠራሁት አልበም ከማተሚያ ቤት ሲመለስ ደግሞ ጨልሞ፣ ፊቶቹም ቀላ ብለው መጡ። ብራይትነሱ 100 ላይ ነው። አራት ጊዜ ደጋግሜ ካሊብሬት አደረግኩት፤ ያው ነው። የተበላሸው መሣሪያው ነው ወይስ ሞኒተሩ? ስክሪንሹትና በስልክ ያነሳሁትን ፎቶ አያይዣለሁ፤ እስቲ ይዩልኝ።»

ወንድሜ፣ ከጻፍከው ውስጥ ሦስት ምልክት አገኘሁ። ነጩ አረንጓዴ መሰለ። ህትመቱ ጨለመ። ፊቶቹ ቀላ አሉ። ሞኒተሩ ተበላሽቷል ብዬ አላምንም። መሣሪያውም ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲስ ነገር ለመግዛት አትቸኩል።

አንድ ነገር በደንብ ያዝ። ወረቀት ላይ የምታየው ስህተት የሞኒተርህ ስህተት ግልባጭ ነው። ሞኒተሩ ከመጠን በላይ ካበራ፣ ፎቶው በጣም የፈካ መስሎህ ታጨልመዋለህ። ወረቀቱ ጨልሞ ይመጣል። ሞኒተሩ አረንጓዴ ካሳየህ፣ አረንጓዴውን ለማጥፋት ተቃራኒውን ማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ) ትጨምራለህ። ወረቀቱ ላይ ፊቱ ቀላ ይላል። አልበምህ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ማተሚያ ቤቱን ቶሎ አትውቀስ፤ የሰጠኸውን ነው ያተመልህ። መልካሙ ዜና፣ ሦስቱ ምልክቶች እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። የሚስማማ ስህተት ደግሞ ለማግኘት ቀላል ነው።

ስለላክልኝ ሁለት ምስሎች ልንገርህ። ስክሪንሹቱ ላይ አረንጓዴ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜም አይኖርም። ስክሪንሹት የሚያነሳው ፕሮግራሙ ያወጣውን ቁጥር ነው። ካሊብሬሽኑ ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አይዝም። የሞኒተሩን ቁልፎችማ ጭራሽ አያውቃቸውም። በስልክ ያነሳኸው ፎቶም አይመሰክርም። የስልኩ ካሜራ ነጩን በራሱ ግምት ስለሚያስተካክል፣ አረንጓዴውን ሊያጠፋው ወይም የሌለ ቀለም ሊጨምር ይችላል። ለሌላ ሰው ከማሳየት ይልቅ ከታች የምነግርህን ሙከራ ራስህ አድርግ።

አረንጓዴው የት ነው የተቀመጠው?

«ካሊብሬሽን» ስንል ሁለት ሥራ በአንድ ስም እየጠራን ነው። የመጀመሪያው ሞኒተሩን ወደ አንድ የታወቀ ሁኔታ ማምጣት ነው። ነጩ 6500 ኬልቪን አካባቢ (ኬልቪን ነጩ ምን ያህል ሞቃት ወይም ቀዝቃዛ እንደሆነ ይለካል)፣ ጋማው (ብርሃኑ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚያድግበት መንገድ) 2.2፣ ብርሃኑ ይህን ያህል ካንዴላ (የድምቀት መለኪያ) ይሁን እንላለን። ሁለተኛው የሞኒተሩን ጠባይ ለክቶ መመዝገብ ነው። ያ መዝገብ አይሲሲ ፕሮፋይል ይባላል።

የመጀመሪያው ሥራ ውጤት በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ከፊሉ ሞኒተሩ ቁልፎች ውስጥ ነው። ከፊሉ ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚጫን ትንሽ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ይነካል። ዴስክቶፑንም፣ ፎልደሩንም፣ የምታየውን ፊልምም። ፕሮፋይሉ ግን የሚሠራው ሊያነበው ለሚችል ፕሮግራም ብቻ ነው። ፎቶሾፕና ላይትሩም ያነቡታል። ፔይንት ግን ግድ የለውም።

ይህ ልዩነት ጥሩ መመርመሪያ ይሰጥሃል። ፎቶሾፕ ላይ ኤስአርጂቢ (የተለመደው መደበኛ የቀለም ክልል) የሆነ አዲስ ገጽ ክፈትና ሦስቱንም ቀለም፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን፣ 128 አድርገህ ግራጫ ሙላው። ፔይንት ላይም ያንኑ ግራጫ በ128፣ 128፣ 128 ሥራ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ። ፎቶሾፕ ውስጥ ያለው ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ችግሩ ፕሮፋይሉ ነው። ሁለቱም አረንጓዴ ከሆኑ ችግሩ ሰንጠረዡ ወይም ቁልፎቹ ናቸው። አንተ «ነጭ ነገር ሁሉ» ስላልክ ሁለተኛው ይመስለኛል። ቢሆንም አረጋግጥ።

ቀጥለህ ዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ «ከለር ማኔጅመንት» ብለህ ክፈት። ለሞኒተሩ የተሰጠውን ፕሮፋይል ለጊዜው ወደ ኤስአርጂቢ ቀይረህ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርግ። የካሊብሬተሩ ፕሮግራም ሲነሳ ራሱ የሚከፍት ከሆነ እሱንም ዝጋው። አረንጓዴው ከጠፋ፣ ያመጣው ልኬቱ ነው። ካልጠፋ ሞኒተሩ ራሱ ውስጥ ነው። ያኔ የሞኒተሩን ሜኑ ከፍተህ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መልሰው።

ግራጫ ላይ ሌላም ነገር ተመልከት። ከጥቁር እስከ ነጭ የሚሄድ ግራዲየንት ሥራ። ከዳር እስከ ዳር እኩል አረንጓዴ ከሆነ የተሳሳተው ነጩ ነው። እዚህ አረንጓዴ፣ እዚያ ሮዝ እያለ የሚቀያየር ከሆነ ግን ልኬቱ በመሃል ተረብሿል፣ ወይም ሰንጠረዡ ከአቅሙ በላይ እርማት ተጭኖበታል። ጥቁሩ አካባቢ ብቻ ከሆነ፣ መሣሪያው ዝቅተኛ ብርሃን ሲለካ ከውጭ ብርሃን ገብቶበታል። ነጠላ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምስክር ነው። ደማቅ ልብስ ላይ ትንሽ ቀለም ቢዛባ ዓይን ይቅር ይላል። ነጭ ጥጥ ላይ ግን ይቅር አይልም።

ለምን አረንጓዴ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ካሊብሬተር በሰው ዓይን ልክ ለማየት የሚሞክር መሣሪያ ነው። ውስጡ የቀለም ማጣሪያዎች አሉት። ማጣሪያዎቹ የሚኮርጁት በ1931 በዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን የተደነገገውን የዓይን ልኬት ነው። ነገር ግን በትክክል አይኮርጁትም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ልኬቱን ያርመዋል። እንዴት እንደሚያርመው የሚወስነው ሞኒተሩ ከኋላ በምን ዓይነት መብራት እንደሚበራ ነው።

መብራቱ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። የድሮዎቹ ሞኒተሮች ከኋላ ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነበራቸው። ቀጥሎ ተራው ነጭ ኤልኢዲ መጣ፤ ላፕቶፕህ ይህን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሰፊ ቀለም የሚያሳዩት ሞኒተሮች ግን ሌላ ናቸው። ቀያቸውና አረንጓዴያቸው በጠባቡ ተሳልቶ የወጣ ነው፤ ከተራው ነጭ ኤልኢዲ ጋር አይመሳሰልም። ኦሌድ የሚባለው ደግሞ ከኋላ መብራት የሌለው፣ ራሱ የሚያበራ ነው።

ካሊብሬተሩ ፕሮግራም ሲጀምር «የሞኒተርህ መብራት ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ «ቀጥል» ይላል። ያኔ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ተራ ነጭ ኤልኢዲ ነው ብሎ ያስባል። አንተ ሰፊ ቀለም ያለው ሞኒተር ይዘህ እንዲህ ካደረግክ፣ መሣሪያው አንዱን ቀለም ከእውነቱ አሳንሶ ሌላውን አብልጦ ያነባል። አረንጓዴውን አሳንሶ ካነበበ ፕሮግራሙ «አረንጓዴ ጎድሏል» ብሎ ቀዩንና ሰማያዊውን ይቀንሳል። የሚቀረው አረንጓዴ ነው። ቁጥሩ ግን ስክሪኑ ላይ «6500፣ ትክክል ነው» ብሎ ይነግርሃል። አራት ጊዜ ስትደግመው ያው የሆነብህ ለዚህ ነው። ስህተቱ የልኬት መንቀጥቀጥ ቢሆን ኖሮ በየጊዜው ይለያይ ነበር። አንድ ዓይነት ስህተት አራት ጊዜ ሲደገም፣ የሚሳሳተው መነሻው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርግ። የሞኒተሩን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው አንብበህ የመብራቱን ዓይነት ኢንተርኔት ላይ ፈልግ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ሜኑ ውስጥ «ዋይድ ጋሙት ኤልኢዲ» (ሰፊ ቀለም ያለው ኤልኢዲ) የሚል ወይም ከሞዴልህ ጋር የሚሄድ ምርጫ ካለ እሱን ያዝ። የጓደኛህ መሣሪያ የቆየ ከሆነ ይህ ምርጫ ላይኖረው ይችላል፤ ሲሠራ እንዲህ ዓይነት መብራት ገበያ ላይ አልነበረምና። ያኔ ዲስፕሌይካል የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሞክር። ከጀርባው የሚሠራው አርጂል የሚባል ነፃ የልኬት ሥርዓት ነው። ብዙ የቆዩ መሣሪያዎችን ይቀበላል። ለልዩ ልዩ ሞኒተሮች የተዘጋጀ የእርማት ፋይልም ማውረድ ያስችላል። የተከፈለበት ፕሮግራም የግድ የተሻለ ነው ብለህ አታስብ። እኔ ራሴ አዘውትሬ የምጠቀመው ይህን ነው።

መሣሪያው ራሱ ስለመታመሙ ጠይቀሃል። ይህን የሚፈታ ቀላል ሙከራ አለ። ላፕቶፕህን በዚያው መሣሪያ ካሊብሬት አድርገው፤ የመብራቱን ዓይነት «ነጭ ኤልኢዲ» በለው። ላፕቶፑም አረንጓዴ ከሆነ መሣሪያውን ጠርጥር። ላፕቶፑ ደህና ከሆነ መሣሪያው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የመብራት ምርጫው ነው። የድሮ ካሊብሬተሮች ማጣሪያ ከጊዜ ጋር ይደክማል። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል። ጓደኛህ መሣሪያውን ለዓመታት መስኮት አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ አስቀምጦት ከሆነ ውጤቱን አትመን። በደረቅ ቦታ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ክዳኑ ተዘግቶ የተቀመጠ መሣሪያ ግን ብዙ ይቆያል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ለይ። ፋብሪካ የሚልካቸው ብዙ ሞኒተሮች ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ዓይን እሱን ለምዶ ይኖራል። ትክክለኛው 6500 ሲመጣ ለአንድ ሁለት ቀን ቢጫ ይመስላል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ዓይንህ ይለምደዋል። አንተ ያየኸው ግን ቢጫ ሳይሆን አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ በልማድ አይጠፋም።

እንደገና ስትለካ

አሁን ከዜሮ ጀምር። ሞኒተሩን ከፍተህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ። መብራት ሄዶ ከመጣም ይህን ግማሽ ሰዓት እንደገና ስጠው፤ መሃል ላይ የተቋረጠውን ልኬትም አትቀጥል፣ ከመጀመሪያው ጀምረው።

ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ያሉትን «ብልሆች» ሁሉ አጥፋ። ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ ኢኮ ሞድ፣ የክፍሉን ብርሃን አይቶ ራሱ የሚቀያየረው፣ የፊልምና የጌም ሞድ። ዊንዶውስ ላይ ኤችዲአርን አጥፋ። ማታ ስክሪኑን የሚያሞቀውን ናይት ላይትንም አጥፋ።

ናይት ላይት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያቃጠለኝ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ማታ ላይ ሞኒተሬን ለካሁ። ናይት ላይት በሰዓቱ ራሱ በርቶ ነበር፤ አላስተዋልኩም። መሣሪያው ስክሪኑ ቀላ ብሎ ስላገኘው ወደ ሰማያዊ ገፋው። ጠዋት ናይት ላይቱ ሲጠፋ የቀረው ሰማያዊው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቀዝቃዛ መስሎኝ ፎቶዎቹን ሁሉ አሞቅኳቸው። የታተመው የሙሽራዋ ሐበሻ ቀሚስ ጭስ የነካው ይመስል ቢጫ ሆኖ መጣ። ቤተሰቡ ምንም አላለም። እኔ ግን ያንን አልበም ሳስብ እስካሁን ያመኛል። አልበሙን በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩት። ከዚያ ወዲህ ከመለካቴ በፊት የማየው የመጀመሪያ ነገር ናይት ላይት ነው።

ወደ ልኬቱ እንመለስ። ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ቀለሙን «ዩዘር» ወይም «ከስተም» የሚለው ላይ አድርግ። እዚያ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ የሚስተካከሉበት ቦታ አለ። ፕሮግራሙ ነጩን እየለካ የትኛው እንደበዛ ያሳይሃል። የበዛውን ቀንስ እንጂ ያነሰውን አትጨምር። ብዙውን እርማት እዚህ በቁልፍ ከጨረስክ፣ ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚጫነው ሰንጠረዥ ሥራው ይቀልለታል። ሰንጠረዡ ብዙ ከተሸከመ፣ በጣም ለስላሳ የሆነ የሰማይ ቀለም ላይ ደረጃ ደረጃ የሆነ መስመር ይወጣል። ለነጠላ ጥላም እንዲሁ ነው።

ከዚያ በኋላ እነዚህን ቁልፎች አትንካ። ቁልፍ ነክተህ ከሆነ የተለካው ሁሉ አፈር በላ ማለት ነው። ብዙ ሰው ልኬቱን ጨርሶ «ትንሽ ላድምቀው» ብሎ ኮንትራስቱን ይጨምራል። ፕሮፋይሉ ግን የድሮውን ሞኒተር ነው የሚያስታውሰው።

ክፍሉን አጨልም። ሞኒተሩን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብለው፤ መሣሪያው በክብደቱ ስክሪኑ ላይ ልጥፍ ይላል። ሲጨርስ ፕሮግራሙ የፕሮፋይል ዓይነት ከጠየቀህ ቀላሉን ምረጥ፦ ስሪት 2 እና ማትሪክስ የሚለውን። አዲሱን ስሪት በትክክል የማያነቡ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ ፎቶ ማሳያ ላይ ያልተጠበቀ ቢጫ የሚያሳዩህ አሉ። በመጨረሻም ማረጋገጫ ልኬት አስለካ። ዴልታ ኢ የሚል ቁጥር ይሰጥሃል፤ ቀለሙ ከታሰበው ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ነው። አማካዩ ከ2 በታች ከሆነ ለሰርግ ሥራ ይበቃሃል። ግን ይህ ቁጥር የሚናገረው መሣሪያው ራሱ ባየው ላይ ተመሥርቶ ነው። የመብራቱ ዓይነት ከተሳሳተ ቁጥሩም አብሮ ይሳሳታል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያምር ዓይንህንም ጠይቅ፤ ያቺን 128 ግራጫ ደግመህ ክፈታት።

ጨለማው

አረንጓዴውን ያመጣውን አልፈን ጨለማውን እንይ። ብራይትነስ 100 ላይ ያለ ሞኒተር ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 350 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር ያበራል። ኤስአርጂቢን በ1996 ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት ሲያቀርቡት የታሰበው ሞኒተር 80 ካንዴላ ነበር። ለህትመት የሚሠራ ሰው ዛሬ በአብዛኛው ከ80 እስከ 120 ይይዛል። አንተ ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ብርሃን ውስጥ ተቀምጠህ ነው ፎቶውን «በቃ፣ ደህና ነው» ያልከው። ወረቀት ደግሞ የራሱ ብርሃን የለውም። የሚያሳይህ የወደቀበትን ብርሃን ነው።

ግን 100 ወይም 120 የሚለውን እንደ ታቦት አትያዘው። ትክክለኛው ቁጥር የሚወጣው ከክፍልህ ነው። እንዲህ አድርግ። ከማተሚያ ቤቱ የመጣ ምንም ያልታተመበት ወረቀት ውሰድ። ፎቶውን ሰው በሚያይበት ብርሃን ሥር አድርገው፤ ከሞኒተሩ አጠገብ ግን የሞኒተሩ ብርሃን ሳያርፍበት። ፎቶሾፕ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈት። አሁን የወረቀቱና የስክሪኑ ነጭ በድምቀት እኩል እስኪመስሉህ ድረስ ብራይትነሱን ቀንስ። ያኔ መሣሪያውን አስቀምጠህ ለካ። የሚወጣው ቁጥር ያንተ ነው። አንዱ ቤት 90፣ ሌላው ቤት 130 ሊሆን ይችላል። ያንን ጻፈውና ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በእሱ ላይ ካሊብሬት አድርግ። መጀመሪያ ሲቀንስ ስክሪኑ የደበዘዘ ይመስልሃል። ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ክፍት ሆኖ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ካረፈችማ ምንም አታይም። መጋረጃውን ዝጋ፤ ብራይትነሱን አትጨምር።

የክፍልህ ቀለምም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አረንጓዴ መጋረጃ፣ ደማቅ ቢጫ ግድግዳ፣ ርካሽ አምፖል ሁሉም ዓይንህን ይጎትቱታል። ግድግዳ መቀባት ባትችል ከሞኒተሩ ጀርባ ያለውን ብቻ ነጭ ወይም ግራጫ ጨርቅ አልብሰው። የዴስክቶፕህንም ምስል ግራጫ አድርገው።

ከዚያ በኋላም ቢመለስ

ልኬቱ ደህና ሆኖ በማግስቱ ቀለሙ ሌላ ከሆነብህ ሰንጠረዡ ወድቋል ማለት ነው። ዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ተኝቶ ሲነቃ ወይም ግራፊክስ ድራይቨሩ ሲታደስ አንዳንዴ ሰንጠረዡን ይጥለዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ይህ ብዙ ያጋጥማል። የካሊብሬተሩ ፕሮግራም ሰንጠረዡን መልሶ የሚጭን ትንሽ አጋዥ ፕሮግራም አለው፤ እሱ ብቻ ይሥራ። ወይም ከለር ማኔጅመንት ውስጥ ዊንዶውስ ራሱ ካሊብሬሽኑን እንዲጭን ፍቀድለት። ሁለቱን አንድ ላይ አታሠራ። ፎቶሾፕ ተከፍቶ ሳለ ፕሮፋይል ከቀየርክ ዝጋና እንደገና ክፈተው። ፎቶሾፕ የከለር ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ የሞኒተርህን ፕሮፋይል እንደ መሥሪያ ቀለም በፍጹም አትምረጠው። መሥሪያው ኤስአርጂቢ ወይም ከእሱ ሰፋ ያለው አዶቤ አርጂቢ ይሁን።

ሞኒተሩን በኤችዲኤምአይ ካገናኘኸው አንድ ነገር ፈትሽ። ግራፊክስ ካርዱ ሞኒተሩን ቴሌቪዥን መስሎት ከ0 እስከ 255 ካለው የብርሃን ደረጃ ከ16 እስከ 235 ያለውን ብቻ የሚልክበት ጊዜ አለ። ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ የደከመ ይሆናል። ካርዱ ሴቲንግ ውስጥ «ፉል» አድርገው። ይህን መጀመሪያ ሳታስተካክል የለካኸው ሁሉ ድካም ነው።

ላፕቶፑና ሞኒተሩ አንድ እንዲሆኑልህ ትፈልጋለህ። ይህን በሙሉ አልሰጥህም። የመብራታቸው ዓይነት የተለያየ ሁለት ስክሪኖች በልኬት እኩል ቢሆኑም ለዓይን ላይመሳሰሉ ይችላሉ። የ1931ዱ ልኬት አማካይ ዓይን እንጂ ያንተ ዓይን አይደለም። አንዱን ብቻ ዳኛ አድርግ፦ ሞኒተሩን። ላፕቶፑን ለሜኑና ለፎልደር ተጠቀምበት። ነጩን ለማቀራረብ ግን ከፈለግክ የላፕቶፑን ነጭ በዓይንህ ወደ ሞኒተሩ አምጣው፤ ቁጥሩ 6500 ባይሆንም ግድ የለም።

ስልክም እንዲሁ። ብዙ ስልኮች «ቪቪድ» (ደማቅ) በሚለው ቀለም ተከፍተው ነው የሚመጡት። ሙሽራው በስልኩ አይቶ «ቀለሙ ይህን ያህል አይደምቅም?» ቢልህ አትደንግጥ። ፎቶውን ኤስአርጂቢ አድርገህ፣ ፕሮፋይሉን አያይዘህ ላክ። ፕሮፋይል ሳታያይዝ የላክከውን ፎቶ የሰው ስክሪን በግምት ነው የሚያሳየው። አዶቤ አርጂቢ ሆኖ ያለ ፕሮፋይል የወጣማ ሰው ጋ ደብዝዞ ይደርሳል።

ማተሚያ ቤቱን ስታናግር ሦስት ነገር ጠይቅ። ፋይሉን በኤስአርጂቢ ነው የምትቀበሉት? ለምታትሙበት ወረቀት ፕሮፋይል አላችሁ? ቀለሙን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ ወይስ እንዳለ ታትሙታላችሁ? የመጨረሻው በጣም ይጠቅማል። ማሽናቸው «ራሱ ያሳምር» የሚል ምርጫ ላይ ከሆነ፣ የአንተ ልኬት ምንም ቢያምር ውጤቱን እነሱ ናቸው የሚወስኑት። «እንዳለ አትሙልኝ» በላቸው። ፕሮፋይል ከሰጡህ ፎቶሾፕ ላይ ያለውን የህትመት ቅድመ እይታ በእሱ ክፈተው፤ ወረቀቱ ላይ የሚጠፋውን ደማቅ ቀለም ከአሁኑ ታየዋለህ። የጥበብ ቀለሞች ይህን ብዙ ያጋጥማቸዋል፤ ስክሪን ላይ የሚነድ ቀይ ወረቀት ላይ ይረጋጋል። ያ የሞኒተር ስህተት አይደለም።

አልበሙን ሁሉ ከመስጠትህ በፊት አንድ ትንሽ ወረቀት አሳትም። በአንድ ገጽ ላይ ነጭ ነጠላ ያለበት፣ የጠቆረና የቀላ ፊት አብረው ያሉበት፣ ጥቁር ሱፍ ያለበት ፎቶ፣ ከታች ደግሞ ግራጫ ግራዲየንት አስቀምጥ። ወረቀቱ ሲመጣ ከሞኒተሩ ጎን አስቀምጠህ እይ። ግራጫው ግራጫ ሆኖ ድምቀቱ ከስክሪኑ ጋር ከተቀራረበ የቆየውን አልበም ፋይሎች እንደገና ክፈታቸው። ያን ጊዜ ያለአግባብ የጨመርከው ማጀንታ በግልጽ ይታይሃል። ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚቀነስ ነው፤ አንድ በአንድ አትልፋ።

ሞኒተሩን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ለካው። ይህን ሠርተህ አሁንም አረንጓዴ ካለ ሦስት ነገር ጽፈህ ላክልኝ፦ የሞኒተሩን ሞዴል፣ የመብራቱን ዓይነት ምን ብለህ እንደመረጥክ፣ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁልፎች የት ላይ እንደቆሙ። ላፕቶፑ ላይ ያደረግከው ሙከራ ምን እንዳሳየህም አትርሳ። በእነዚህ ላይ ተነሥተን ቀጣዩን አብረን እንፈልጋለን።